አልጋው ላይ ሆኖ የሰማው ሞተር

ሰው ሁሉ «ቀስታ» ነበር የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከባለቤቱና ከመንጃ ፈቃዱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ቅጽል ስሙን በራሱ ላይ ያመጣው ራሱ ነው። ተሳፋሪ ሊወርድ እጁን ወደ መክፈቻው ሲሰድ፣ ገና እግሩ መሬት ሳይነካ፣ «በሩን በቀስታ» ይለዋል። ተሳፋሪው የፖሊስ አዛዥ ቢሆን፣ ልጅ ያዘለች እናት ብትሆን፣ ጥርሱን አሞት ጉንጩን የደገፈ ሰው ቢሆን ልዩነት የለውም። በሩን በቀስታ። ለነገሩ እውነቱን ነው። መኪናዋ በዕድሜ ብትበልጠው እንጂ አታንሰውም። በሯ በኃይል ከተዘጋ መስታወቱ ወደ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፤ የዚያ መስታወት ምትክ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል።

እሱና ባለቤቱ ልጅ አልወለዱም። ሰው ሲጠይቀው «አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ቤንዚን እንጂ ወተት አትጠጣም» ይል ነበር። ባለቤቱም ከኋላው ሆና «የሰው ልጅ ያድጋል፣ የኛዋ ዝም ብላ ታረጃለች» ትላለች። ይህን ሲባባሉ ዓመታት አለፉ። እሱ ከባቡር ጣቢያው እስከ ሆስፒታሉ፣ ከሆስፒታሉ እስከ ባቡር ጣቢያው ሲመላለስ ፀጉሩ ነጣ። የቆሙ አዳዲስ ታክሲዎችን አልፈው እሱን የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሩት። አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው። ሲነዳ መስመር አይዘልም፣ ጡሩንባ አይነካም፣ ጉድጓድ ሲያይ እንደ ዕንቁላል ሻጭ ይጠነቀቃል።

ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ መኪናዋን ሲያስነሳ ላየው፣ የታመመ ሰው የሚጠይቅ ይመስላል። ከመሪው ጎን አንዲት ጥቁር እጀታ አለች፤ ቾክ ይሏታል። ስትሳብ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ታፍንና ቤንዚኑን ታበዛለታለች። ብርድ ያደረበት ሞተር ቤንዚን ካልበዛለት አይነሳም። ሲሞቅ ግን እጀታዋ ወደ ቦታዋ መመለስ አለባት። ካልተመለሰች ሞተሩ ሊያቃጥል ከሚችለው በላይ ይጠጣል። ሳይነድ የተረፈው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እየወረደ ዘይቱን ያጥበዋል፤ ዘይቱ ከታጠበ ደግሞ ብረት ብረትን ይበላል። ቀስታ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም። እጁና ጆሮው ያውቁታል። ይስባል፣ ያስነሳል፣ ድምፁን እያዳመጠ በትንሽ በትንሹ ይመልሳል። ከግቢው ወጥቶ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እጀታዋ ገብታ አልቃለች። ባለቤቱ በር ላይ ቆማ ስትሸኘው የምታየው ሲስብ ብቻ ነበር። ሲመልስ አይታው አታውቅም።

አንድ ጠዋት መኪናዋን እያጠበ ሳለ ስፖንጁ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ አለ፤ ቀኝ እጁ ግን የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ጠበቀው። ቀጥሎ እግሩ ከዳው። ባለቤቱ የባልዲው መንኳኳት ሰምታ ስትወጣ፣ ጎማው ላይ ተደግፎ ተቀምጦ፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ አገኘችው። ሳትጠራው፣ ሳትጮህ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ነው ሰው ልትጠራ የተነሳችው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ አልተመለሰም። ንግግሩም ሄዷል። ሐኪሙ ለባለቤቱ ሲያስረዳ «የሚባለውን ይሰማል፣ ይገባዋልም፤ ሊል የፈለገውን ቃል ግን አያገኘውም» አላት። ከቃል ሁሉ የቀረለት አንድ ነበር። ውኃ ሲፈልግ፣ ትራሱ ሲቆረቁረው፣ እሷን ሊያመሰግን ሲፈልግ፣ ከአፉ የሚወጣው ያው ነው፤ «በሩን»። ዕድሜ ልኩን ከመደጋገሙ ብዛት ምላሱ ላይ ተጣብቆ የቀረ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንተዬ፣ ከቃል ሁሉ መርጠህ እሷን ነው ያስቀረኸው?» እያለች ሳቀች፣ ወዲያው ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች።

አልጋውን ወደ ግቢው በሚያሳየው መስኮት አዞሩለት። መኪናዋ ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ነው የቆመችው። ከትራሱ ላይ ሆኖ የሚታየው ጣሪያዋ ብቻ ነው።

ባለቤቱ መንጃ ፈቃድ ነበራት። ገና ጎልማሶች ሳሉ ራሱ ነው ያስተማራት። ከሥራ ሲመለስ፣ ፀሐይ ሳትበርድ፣ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ላይ ይወስዳታል። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ወደኋላ መመለስ፣ ዳገት ላይ ማቆም፣ ሁሉን አስተምሯታል። ፈተናውን አልፋ ፈቃዱ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ አንዴም መሪ ይዛ አታውቅም። አሁን ከመሳቢያው አወጣችው።

«ሌላ ምን አለን?» አለችው። «ቤቱ የኪራይ ነው። መድኃኒትህ ደግሞ በየወሩ ነው። እኔ እነዳታለሁ። ቀስታን የለመደ ደንበኛ እኔን ፈጣን ነሽ ብሎ እንዳይሸሸኝ እንጂ ሌላው አያሳስበኝም።»

በተረፈለት ግማሽ ፊቱ ሳቀ። ኮራባትም።

በመጀመሪያው ጠዋት የእሱን ጃኬት ለብሳ ወጣች። ጆሮውን ወደ መስኮቱ ጣለ። በሩ በቀስታ ተዘጋ። እጀታዋ ስትሳብ ያቺን ትንሽ ጩኸቷን አሰማች። ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ወፍራም ድምፁን ይዞ ቀጠለ። ጎበዝ፣ አለ በሆዱ። በይ አሁን መልሺያት። መኪናዋ ከግቢ ወጣች። ድምፁ አልተለወጠም። እስከ መታጠፊያው ተከተላት፤ መታጠፊያውንም ስታልፍ ያው ነው። ጥቂት ቆይታ ትመልሳታለች ብሎ ራሱን አጽናና።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ገና መንገዱ ጫፍ ላይ ሳለች አወቃት። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሞተር ቀለል ብሎ፣ እኩል እየመታ ነው መምጣት ያለበት። ይሄኛው ግን እየዘለለ፣ እየተንተፋተፈ፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው እየቃተተ መጣ። ግቢ ገብታ ስታጠፋው ያልነደደ ቤንዚን ሽታ በመስኮቱ ገባ።

«በሩን» አለ ገና እግሯ ከመግባቱ።

«ዘጋሁት እኮ።»

«በሩን፤ በሩን።»

ተመልሳ በሩን ከፈተችው። ደግማ ዘጋችው። የግቢውንም በር ሄዳ አየች። በመጨረሻ ሾርባውን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እያጎረሰችው ውሎዋን ነገረችው። ሆስፒታሉ በር ላይ ያሉት ሹፌሮች ወረፋ እንደሰጧት፣ አንዲት አሮጊት ደንበኛው ስለ እሱ ስትጠይቃት እንዳለቀሰች፣ ዳገቱ ላይ መኪናዋ አንዴ ጠፍታባት እንደነበር፣ ሁሉንም። ከዚያ ሳቅ ብላ፦

«ደግሞ ያቺ ጥቁር እጀታ ምን እንደሆነችልኝ ታውቃለህ? የቦርሳ መስቀያ። ስታስነሳ እስከ መጨረሻው ትሳባለች፤ ግማሽ ላይ ስትሆን መኪናዋ ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ ቦርሳዬንም እዚያው አንጠለጥላለሁ። ለሴት የተሠራች መኪና ናት፣ አንተ ነህ ያላወቅክላት።»

ሾርባው ጉሮሮው ላይ ቆመ። አሳለው። ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት።

በማግስቱ ጠዋት፣ በቀጣዩም፣ ከዚያም በኋላ፣ እሷ ልትወጣ ስትል ሊነግራት ይታገላል። አረፍተ ነገሩ ሙሉውን አእምሮው ውስጥ ተሰርቶ ይቀመጣል። ሲሞቅ እጀታዋን መልሺያት፤ ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ልጅ የሚለው ነገር ነው። አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው ያው «በሩን» ነው። ቃሉን ጠላው። ዝም ማለት የተሻለ መሰለው፤ ዝም ሲል ደግሞ ሞተሩ በመስኮቱ ይናገራል።

አንድ ጠዋት በእጁ ሊያስረዳት ቆረጠ። ጃኬቱን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ከአልጋው ፊት ለፊት ቆማ ነበር። ግራ እጁን ጨበጠ፤ ወደፊት ገፋ። መልሶ ሳበ፤ ደግሞ ገፋ፣ በኃይል። እሱ በአየር ላይ እጀታዋን እየመለሰ ነው። እሷ የምታየው ግን ወደ ደረቷ የሚመጣ ጡጫ ነው።

«ሂጂልኝ ነው የምትለኝ?»

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ይሁን እምቢ ራሱም አላወቀውም፤ ከበሽታው ወዲህ አንገቱም እንደ ምላሱ ነው።

ቦርሳዋን አልጋው ላይ አስቀመጠች። «እንድነዳ እንዳልወደድክ አውቃለሁ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳትቀይር። «ስወጣም ስገባም ፊትህ ይጠቁራል። መኪናህን ነካሁብህ፤ ቦታህን ወሰድኩብህ። እኔ ብሆንም ይከፋኝ ይሆናል። ግን ማን ይንዳልህ? ንገረኝ፤ ሰው ጥራልኝና ቁልፉን ልስጠው።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ እየተንተፋተፈ መታጠፊያውን አለፈ። ቀስታ ያን ቀን የጨበጠውን እጁን ሳይፈታ ዋለ።

እርሳስ አስመጣ፤ ማለት፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ጨርቅ ላይ የሚያሰምርባትን እርሳስ ከጆሮው ላይ ቀማው። ልብስ ሰፊው ባለቤቱ በሌለችበት ብቅ እያለ የሚያየው ደግ ሰው ነበር፤ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ገልብጦ ጀርባውን ሰጠው። ፊደል እምቢ አለ። ፊደሎቹን ያያቸዋል፣ ግን አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተው። ስለዚህ ሥዕል ሞከረ። በማያውቅበት ግራ እጁ አንድ ክብ ነገር፣ ከክቡ የሚወጣ ቀጥ ያለ ዘንግ። ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ለፍቶ ጨረሰውና ባለቤቱ ስትመጣ ዘረጋላት።

አየችው፤ አዙራም አየችው። ፊቷ በራ። «ማንኪያ! በራስህ ልትበላ ነው?» ብላ ሮጣ ማንኪያ አምጥታ ግራ እጁ ላይ አስጨበጠችው። ልብስ ሰፊውም «ጎሽ፣ ለውጥ አለ» አለ። ቀስታ ማንኪያውን ይዞ ሁለቱንም አያቸው። ልቧ እንዳይሰበር ብሎ ያን ማታ ሾርባውን ራሱ ጠጣ፤ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

መኪናዋ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረች። ቤንዚን አጠጥተው አይጠግቧትም። ባለቤቱ ከዚህ በላይ መታገሥ ስላልቻለች ወደ መካኒኩ ወሰደቻት። መካኒኩን «ቁልፌ» ይሉታል፤ ሥራ ላይ እያለ ሁልጊዜ መፍቻ ቁልፉ ስለሚጠፋበትና «ቁልፌ የታለ?» እያለ ሰፈሩን ስለሚያተራምስ ነው። ጋራዡ የቆመው ቀስታ ባመጣለት ደንበኞች ነው፤ መኪናዋን ከማንም የተሻለ የሚያውቃት እሱ ነበር። የዚያን ቀን ግን እናቱ ታማበት ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ አውቶቡስ እየጠበቀው ነው። የቀስታ ባለቤት ወርዳ ቦርሳዋን አንስታ ነበር፤ እሱም ሲገባ እንደ ልማዱ እጀታዋን ወደ ውስጥ መታ አድርጎ አስነሳ። ሞተሩ ሞቆ ስለነበር በደንብ ሠራለት። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታ፤ ጥላሸት ለብሰዋል። ጠርጎ መለሳቸው፣ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ብሎን ቤንዚን እንድትቀንስ ትንሽ አጠበቃት።

«ቤንዚን በዝቶባት ነው፤ አሁን ቀንሼዋለሁ» አላት። «ስመለስ በደንብ አያታለሁ፣ እትዬ።»

ስለ ቾኩ አልጠየቃትም። የቀስታን ሚስት እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ለእሱ ነውር መሰለው። በማግስቱ ብርድ ነበር፤ ቤንዚን የተቀነሰባት መኪና አልነሳ አለች። ባለቤቱ እጀታዋን እስከ መጨረሻው ስባ ደጋግማ አስነሳች፤ እንዳትጠፋባትም ከግማሽ በላይ እንደተሳበች ተወቻት። ቀስታ ከአልጋው ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ሰማ። መካኒኩ ጋ ሄደች ሲባል ተስፋ አድርጎ ስለነበር የዚያን ጠዋት ድምፅ ከሌላው ቀን ይልቅ ጎዳው።

አንድ እሑድ «ዛሬ ሥራ የለም» አለች። «አየር ይንካህ። እስከ ወንዙ ድረስ ወስጄ አሳይቼህ እመለሳለሁ።» በመካከላቸው የገባውን ቅዝቃዜ ማንሳት ፈልጋ ነበር። ፀጉሩን አበጠረችው፣ ሸሚዝ አለበሰችው። እሷና ልብስ ሰፊው ደግፈው ከፊት፣ ከጎኗ አስቀመጡት።

እጀታዋ እዚያው ናት። ቦርሳው ተንጠልጥሎባታል፣ ሲወዛወዝ ያየዋል። በግራ እጁና በእሷ መካከል አንድ ክንድ እንኳ የለም። ቀስታ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ትሙቅ፣ አለ ለራሱ። ገና ናት። እስክትሞቅ ጠብቅ። ድልድዩን ካለፍን በኋላ። ባለቤቱ እየነዳች ስለ አየሩ፣ ስለ አዲሱ ሕንፃ ታወራለታለች፤ እሱ ሞተሩን ነው የሚሰማው። መስቀለኛ መንገዱ ጋ ሲደርሱ መብራቱ ቀይ ሆነና ቆሙ። ሞተሩ ተንተፋተፈ፤ ጥቁር ጭስ በኋላው መስኮት በኩል አለፈ። ቀስታ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻለም። ደግማ ባታወጣኝስ የሚል ፍርሃት ያዘው። ቦርሳውን መታና ጣለው፣ እጀታዋን እስከ መጨረሻው ገፋት።

ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ፣ ቤንዚኑም በብሎኗ የተቀነሰ ነበር። አንዴ አሳለ፣ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለ አውቶቡስ ጡሩንባውን ለቀቀው። ባለቤቱ ሞተሪኖውን ደጋግማ አዞረች፤ አይነሳም። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ቤትሽ ብትቀመጪ ምን አለ?» አላት። ትራፊክ ፖሊሱ እየሮጠ መጣ። እጀታዋን እንደገና እስከ ጫፍ ሳበች፣ ሞተሩ በጭስ ተነሳ፣ ዳር ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ምን አድርጌህ ነው? ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው? እንዳልነዳ ልታቆማት ነው?»

«በሩን» አለ። እንባው ወረደ። «በሩን፣ በሩን፣ በሩን።»

ወንዙ ጋ አልደረሱም። መሪውን ወደ ቤት መለሰች። ከዚያ ወዲያ ወደ መኪናዋ አላቀረበችውም።

ብዙ ሳይቆይ ቀስታ የሚፈራውን ሰማ። ከሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ከታች፣ ደረቅ ማንኳኳት። መዶሻ በጨርቅ ተጠቅልሎ ብረት እንደሚመታ ያለ ነው። ሌላ ሰው ላይሰማው ይችላል። ዘይቱ በቤንዚን ቀጥኗል፤ ብረቱን ከብረት መለየት አቅቶታል፤ ዘንጉ የሚዞርበት ብሮንዚን ተበልቷል። ባለቤቱም ቆይታ ሰማችው። «ድንጋይ የገባባት ይመስል ትንኳኳለች፤ ቁልፌ ነገ ተነገ ወዲያ ይመለሳል አሉ፣ ይዤለት እሄዳለሁ» አለችው ትራሱን እያስተካከለች። እስከዚያ ግን ሥራ ማቆም አትችልም፤ መድኃኒቱ አልቋል።

በማግስቱ ጠዋት ስትወጣ ጠብቆ ብርድ ልብሱን ገፈፈ። ዛሬ መስኮቱን ይደበድባል፣ ከመኪናዋ ፊት ይወድቃል፣ ብቻ አትሄድም። ግራ እግሩን አወረደ። የአልጋውን ራስጌ ይዞ ተነሳ፤ ለአንድ አፍታ ቆመም። ቀኝ እግሩ ግን ከሥሩ ተጠቅልሎ ሲሚንቶው ላይ ዘረጋው። ጉንጩ ወለሉን ነካ። ከዚያ ሆኖ እጀታዋ ስትሳብ ሰማ። ሞተሪኖው ዞረ። ሞተሩ ተነሳ፤ ማንኳኳቱ ወለሉን አልፎ ጉንጩ ድረስ መጣ። «በሩን» ብሎ ጮኸ። የግቢው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ልብስ ሰፊው መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ እዚያው ነበር።

ያን ቀን መኪናዋ የምትመለስበት ሰዓት አለፈ። ስትመጣም ሞተር አልሰማም። የሰማው የሌላ መኪና ድምፅ፣ የገመድ መወጠር፣ በጠጠር ላይ የሚንከባለል ጎማ ነው። ዳገቱ መሀል ላይ፣ ከኋላ አንዲት ነፍሰ ጡርና እናቷን አሳፍራ ሳለች፣ ሞተሩ አንድ ትልቅ ድምፅ አሰምቶ ቀጥ አለ። ሴቶቹ በሌላ መኪና ሄዱ። እሷ ዳር ላይ ተቀምጣ የሚጎትታት ስትለምን ዋለች።

ቁልፌ ከመንገዱ ሳያርፍ መጣ። ኮፈኑን ሲከፍት፣ ዘይት መለኪያዋን ሲስብ፣ ሲያሸት፣ ቀስታ በመስኮቱ በኩል ሁሉንም ይሰማል።

«ይሄ ዘይት አይደለም፣ እትዬ። ቤንዚን ነው። ከመጠኑም በላይ ሞልቷል።» ከዚያ ማርሹን ነፃ ሊያደርግ በሩን ከፈተ። አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። «ይህቺን እጀታ መቼ ነው የሚመልሷት?»

«የቷን?»

«ቦርሳዎ ያለባትን።»

«ማታ ሳጠፋት እመልሳታለሁ። ስነዳ መመለስ አለባት እንዴ?»

ቁልፌ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳት። አየሩን ስለ ማፈን፣ ቤንዚኑ ዘይቱን ስለ ማጠቡ። «እኔም ጥፋት አለብኝ» አለ፤ «ያን ቀን ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር። ጋሼ እኮ ነው ያስተማረዎት ብዬ ነው።»

«ሁሉን አስተምሮኛል» አለች። «ይህንን ብቻ ነው ያላስተማረኝ። ሲስብ አየው ነበር።»

ቀስታ ይህን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ባዶው ሜዳ ታየው። ፀሐይ ሳትበርድ፣ ከሥራ መልስ፣ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ሠርታ እንደ ምድጃ ሞቃ። በዚያ ሰዓት ቾክ ማን ያስታውሳል? ጠዋት ላይ አንድ ቀን እንኳ ይዟት ቢወጣ ኖሮ።

ገባች። ጃኬቱን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇ ዘይት ነክቶታል። ቀስ ብላ ጨበጠችውና ወደፊት ገፋችው፤ መልሳ ሳበች፤ ደግማ ገፋች።

«ይሄ ነበር?»

አያት።

«ያ ሥዕል… ማንኪያው… እሷ ነበረች?» ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልታወቀ ነገር ከደረቷ ወጣ። «መስቀለኛው ላይም። አምላኬ፣ ሰው መሀል ሰደብኩህ። በየቀኑ እየነገርከኝ፣ በየቀኑ ገደልኳት። የሰጠኸኝን አንዲት ነገር በእጄ ገደልኳት። ይቅር በለኝ።»

ይህንን ነው ሊሸከም ያልቻለው። መኪናዋ ሄዳለች፤ ብረት ናት። ግን ይህቺ ሴት ከዛሬ ጀምሮ ይህንን ተሸክማ ልትኖር ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የእሱ ነው። አላስተማርኩሽም ሊላት ፈለገ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሳላስተምርሽ ነው መሪ ያስያዝኩሽ። ግራ እጁን አንስቶ የራሱን ደረት መታ። ደግሞ መታ። እኔ። እኔ ነኝ።

ደንግጣ ተነሳች። «ደረትህን አመመህ? ልቤን ነው የምትለኝ?» መስኮቱን ከፈተች፤ ልብስ ሰፊውን ጠራች፤ ውኃ አመጣች። ሁለቱ ሸሚዙን ሲፈቱለት፣ ሲያራግቡለት፣ እሱ ደረቱን መምታት ትቶ ጣሪያውን አየ።

ሞተሩ አልዳነም። የተሰበረው ዘንግ የሞተሩን ግድግዳ በስቶት ወጥቷል። ቁልፌ ለዚያ ዓይነት መኪና ሌላ ሞተር ያልጠየቀበት ጋራዥ የለም፤ ያገኘው ግን ዝገት ብቻ ነበር። በመጨረሻ የሌላ መኪና ሞተር ሊገጥምላት የፈለገ ሰው አካሏን ገዛና ጎትቶ ወሰዳት። በሯን ሲዘጋ ባለቤቱ በመስኮት ቆማ ነበር፤ ምንም አላለችም። ግድግዳው ሥር አራት ማዕዘን ደረቅ መሬት ቀረ፤ በዝናብ ወራት እሱም ከሌላው ጋር ተመሳሰለ።

እሷ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች። መኪናዋን ይዛ ትቆምበት የነበረውን በር አሁን በእግሯ ትገባበታለች። ስትመለስ እግሯ አብጦ፣ ጣቶቿ በሳሙና ተልጠው ነው። ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ትቀመጥና እግሯን ፍራሹ ላይ ታወጣለች፤ እሱ በግራ እጁ ያሻታል። ስለ መኪናዋ አታነሳም። መንገድ ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አሮጌ መኪና ሲያልፍ ግን ንግግሯን ታቋርጣለች፤ ድምፁ እስኪርቅ አትቀጥልም። ቀስታ ያንን ዝምታዋን እየቆጠረ አይደለም፣ ግን አንዱም አያልፈውም።

ሐኪሙ አፍህን አታሳርፈው ስላለው ብቻውን ሲውል ይለማመዳል። መስኮቱን እያየ፣ ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናውን ሲነዳ እየሰማ፣ ከንፈሩን ያሠራል። «በሩን» በየመሀሉ ትገባበታለች፤ ይተዋትና እንደገና ይጀምራል። ወራት ፈጀበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ሳለ ደረቱን በጣቱ ነካና፣ «እኔ» አላት።

ጫማዋን ጣለችው። «ምን አልክ?»

«እኔ።» ደግሞ ደረቱን ነካ። «እኔ።»

ተንበርክካ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። «አዎ፣ አንተ። አንተ አለህልኝ አይደል? ሌላው ይቅር፣ አንተ ካለህልኝ ይበቃኛል።» ሮጣ ወጥታ ልብስ ሰፊውን «ተናገረ» እያለች ስትጠራ ይሰማታል። ድምፅዋ ያ የድሮው ነበር። ቀስታ የነገራት ይህን አልነበረም፤ ግን ደስታዋን ሊያስቆም አልፈለገም፣ ቢፈልግም በምን ቃል።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስትወጣ ጠብቆ እንደገና ጀመረ። «አላስተማርኩሽም» ረጅም ቃል ነው። «አ» ላይ ብዙ ቆየ።